ጋሼ ቢሾፕ መንዳት ሲማሩ

ቢሾፕ ኦጁሉ ማረፋቸውን የሰማሁት ላ ብሬያ ጎዳና ላይ፣ መንዳት የማስተምራት ተማሪዬ ወደ ግራ ልትታጠፍ ስትዘጋጅ ነው። ስልኬ ጭኔ ላይ ነዘረ። አየት ሳደርገው የልጃቸው የአሪየት መልእክት ነው፤ «ጋሼ ታደሰ፣ አባዬ ዛሬ ጠዋት ዐረፈ» ይላል። ከፊታችን ያለው መብራት ቢጫ ሆነ። ተማሪዬ «ልሂድ? ልቁም?» ትለኛለች። ይህን ያህል ዘመን ሰው መንዳት ሳስተምር ለዚህች ጥያቄ መልስ ያጣሁት የዚያን ቀን ብቻ ነው።

ዳር አስያዝኳት። «ሶሪ፣ ሰው ሞቶብኝ ነው» አልኳት።

«ውይ! ዘመድ ነው?»

«ጳጳስ ናቸው።»

«የእኛ?»

«አይደለም፣ የአንግሊካን» አልኩና ትንሽ ቆይቼ ደግሞ «የእኛ ናቸው» አልኳት። ልጅቷ ግራ ገባት። አልፈርድባትም። የሐበሻው ሰፈር ፌርፋክስ ላይ እሳቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ሁሉ ግራ ይገባው ነበር።

ሰፈሩ «ጋሼ ቢሾፕ» ነበር የሚላቸው። የጋምቤላ ሰው ናቸው፤ ባሮ ወንዝ ዳር ተወልደው አማርኛውን ጎሬ ተማሪ ቤት የለመዱ፣ ከዚያም በስደት ድንበር ተሻግረው በማዶው አገር ቄስ፣ ቆይተውም ጳጳስ የሆኑ። ጡረታ ሲወጡ ኢንግልዉድ የምትኖረው ነርሷ ልጃቸው አመጣቻቸው። የከተማው ባቡር ገና ካልቨር ሲቲ የደረሰ ሰሞን መሆኑ ነው። ቁመታቸው የሰው ቁመት አይደለም። የምግብ ቤት በር ሲገቡ ጎንበስ ይላሉ፤ በሩ ሰፊና ረጅም ቢሆንም ጎንበስ ይላሉ፤ ልማድ ሆኖባቸዋል። እንደኛ ጳጳሳት ጥቁር ቀሚስ የለ፣ ቆብ የለ፣ ጢም የለ። ሐምራዊ ሸሚዝ፣ አንገት ላይ ነጭ ኮሌታ፣ እግር ላይ ልጃቸው የገዛችላቸው ነጭ ስኒከር። አለቀ።

የሰፈራችን ምግብ ቤት ባለቤት እትዬ አልማዝ፣ ነገር ሆዳቸው ውስጥ የማያድርላቸው ሴት፣ አንድ ቀን ፊት ለፊታቸው ቆመው ጠየቋቸው።

«አባቴ፣ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ እውነት ጳጳስ ነዎት?»

«ነበርኩ፣ እትዬ። አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ።»

«ጳጳስ ጡረታ ይወጣል እንዴ?»

«የእኛ ይወጣል። ጉልበታችን ሲደክም ያሰናብቱናል።»

«ልጅ አለቻቸው ሲሉም ሰምቻለሁ።»

«አለችኝ። ሚስትም ነበረችኝ፤ ሞተችብኝ።»

እትዬ አልማዝ አማተቡ። ለሟቿ ይሁን ሚስት ላገባው ጳጳስ አላወቅንም።

«አይፍረዱብኝ» አሏቸው ጋሼ ቢሾፕ። «እኔ እንደ አባቴ ዓሣ አጥማጅ ልሆን ነበር። እሷ ናት ማንበብ የማያውቅ ባል አልፈልግም ብላ አሥመራ ድረስ ብትሄድም ተምረህ ና ያለችኝ። ጎሬ ይበቃል ብዬ ለምኜ ነው። እሷ ባትኖር እኔ እስከ ዛሬ መረቤን እየጠገንኩ ነበር።»

ምግብ ቤቱ በሳቅ ሞላ። እትዬ አልማዝም ሳይወዱ ሳቁና ለመታረቂያ ጥሩ ክትፎ ላምጣልዎት አሉ። ጋሼ ቢሾፕ እጃቸውን አወዛወዙ። «ዓርብ ነው እኮ! በሰው ቤት ተቀምጬ የሰው ጾም አልሽርም። ሽሮ ይበቃኛል።» ሽሯቸውን በልተው ሲወጡ እትዬ አልማዝ ከኋላቸው እያዩ «ፕሮቴስታንት ነው ብዬ ልርቀው ስል ጾመብኝ» አሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በምግብ ቤቱ ውስጥ ስለሳቸው ክፉ የሚያወራ አልተገኘም።

ወደኔ የመጡት መንዳት ሊማሩ ነው። ስድሳዎቹን ጨርሰዋል፤ መሪ ጨብጠው አያውቁም። የማስተማሪያ መኪናዬ ኮሮላ ናት። መቀመጫውን እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ብገፋውም ጉልበታቸው ከመሪው ጋር ተጋፋ።

«መምህር» አሉኝ። መጠሪያዬ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ይኸው ነው። «በታንኳ፣ በበቅሎ፣ በሳይክል፣ አንድ ጊዜም በቃሬዛ ሄጃለሁ። መኪና ላይ ግን ሁልጊዜ ተሳፋሪ ነኝ። ዛሬ ሾፌር አድርገኝ።»

ሞከርኩ። እውነቱን ለመናገር እንደሳቸው ያለ ከባድ ተማሪ ገጥሞኝ አያውቅም። ፈሪ ስለሆኑ አይደለም። ችግሩ ሰው ማክበራቸው ነው። አራቱም ወገን የሚቆምበት መስቀለኛ ላይ ስንደርስ ተራው የኛ ሆኖ ሳለ በግራ የመጣውን «ቅደም» ይሉታል፣ በቀኝ የመጣችውን «እለፊ እመቤቴ» ይሏታል፣ ውሻ ይዞ የቆመውን ሰውዬ ከነውሻው ያሳልፋሉ። ያለፉት ሁሉ እጃቸውን ሲያውለበልቡላቸው ደግሞ መሪውን ለቀው በሁለት እጃቸው አጸፋ ይመልሳሉ።

«ጋሼ፣ ተራዎት ነው! ይሂዱ!»

«ይቺ እናት ልጅ ይዛ…»

«እሷ እርስዎን እየጠበቀች ነው! ሁሉም ሰው እርስዎን ነው የሚጠብቀው! ቅድሚያ ሰጥተውዎት ካልሄዱ መንገድ ዘጉ ማለት ነው።»

የመጀመሪያውን ፈተና በዚሁ ወደቁ። ሁለተኛውንም እንደዚያው። «በጨዋነት ወደቅኩ» እያሉ ለእትዬ አልማዝ ነገሯቸው፤ እሳቸውም ለሰፈሩ ሁሉ አዳረሱት።

እኔ ግን ትምህርቱ እንዲያልቅ አልቸኮልኩም። ጋርዴና ውስጥ እሁድ እሁድ ፋብሪካዎቹ ተዘግተው ጭር የሚል ሰፊ ግቢ አለ፤ መታጠፍ የማለማምዳቸው እዚያ ነበር። ሲደክማቸው ሞተሩን አጥፍተን ዛፍ ሥር እንቆምና የጵጵስና ዘመናቸውን ያወሩልኛል።

«ሀገረ ስብከቴ ወንዝ ነበር» ይሉኛል። መንገድ የለም፤ ጳጳሱ መንደር ለመንደር የሚዞረው በታንኳ ነው። አንድ ጊዜ ልጆችን እጅ ጭነው በእምነታቸው ለማጽናት ሲሄዱ ጉማሬ ታንኳዋን ገለበጣት። ሰው አልተጎዳም፤ ከጨርቅ የተሠራው የጵጵስና አክሊላቸው ግን በወንዙ ሄደ። ልጆቹን በባዶ ራሳቸው አጸኑ። ከጊዜ በኋላ አንድ ሽማግሌ አክሊሉን ይዞ መጣ፤ ለካ ከታች በኩል አግኝቶት ትንንሽ ዓሣ ሲያጠራቅምበት ከርሟል። «አጠብነው፣ ፀሐይ ላይ አሰጣነው፤ የዓሣው ሽታ አልለቅ አለ። ከዚያ በኋላ ለቅዳሴ በሄድኩ ቁጥር የመንደሩ ድመቶች ይከተሉኛል» ብለው ከጣሪያው ጋር እስኪጋጩ ይስቃሉ።

ሁሉም ወሬ ግን ሳቅ አልነበረም። አንድ እሁድ ስለ ወንድማቸው አነሡ። በእሳቸው ወገንና በወንዙ ማዶ ባሉት ሰዎች መካከል በከብትና በግጦሽ የቆየ ደም አለ። በአንዱ ግጭት ታናሽ ወንድማቸው ተገደለ። ያን ጊዜ ጳጳስ ሆነዋል። ጥቂት ዓመታት አለፉና ቄስ ለመሆን ተምረው ከጨረሱት ወጣቶች አንዱ ፊታቸው ቀረበ። ልጁ የወዲያ ማዶ ሰው ነው። አባቱ ደግሞ ወንድማቸው በሞተበት ቀን ዘመቻውን የመራው ሰው ነው።

«የመንደሬ ሽማግሌዎች መጡ» አሉኝ። «በዚህ ልጅ ራስ ላይ እጅህን ከጫንክ ወደዚህ አትመለስ አሉኝ። እናቴ ምንም አላለችም፤ ዝም ብላ አየችኝ። የሷ ባሰ።»

«ታዲያ ምን አደረጉ?»

«ጫንኩ።»

«ይቅር ብለውት ማለት ነው?»

መስታወቱን ወልወል አደረጉ። «አይደለም፣ መምህር። እዚህ ላይ ሰው ይሳሳታል። እጄን የጫንኩት ፊቱን ሳላይ ነው። ልጁም ሳይታወቀው አይቀርም። ልቤ ውስጥ ይቅርታ የሚባል አልነበረም። ልጁ ግን ተምሯል፣ ፈተናውን አልፏል፣ ሰው ይወደዋል። እምቢ ብል ጳጳስ አይደለሁም ማለት ነው። ሥራዬን ሠራሁ። ልቤ በእግሩ እያዘገመ ከብዙ ጊዜ በኋላ ደረሰብኝ።»

ከዚያ በኋላ እናታቸው ቤት አላስገባቻቸውም። መንደሩን በጎበኙ ቁጥር ደጃፏ ላይ ይቀመጣሉ፤ እህታቸው ምግብ ታወጣላቸዋለች፣ በልተው ይሄዳሉ። ሰው «አንተ ጳጳስ ሆነህ ደጅ ላይ እንደ ለማኝ?» ሲላቸው «እናቴ ደጅ ነው» ይላሉ። እንዲህ ሆኖ ዓመታት ሄዱ። አንድ ክረምት ዝናብ ያዛቸውና እዚያው ቁጭ እንዳሉ በሰበሱ። አሮጊቷ ከውስጥ «ይህ ሰውዬ በደጄ ሊሞት ነው? ግባ እንጂ!» አለቻቸው። ስለ ልጁም ስለ ወንድማቸውም አንድ ቃል ሳይነጋገሩ እሳት ዳር አብረው አመሹ። ይህን ሲነግሩኝ ሳቅ አሉና «ዝናቡ ከሽማግሌ ይሻላል» አሉ። ከዚያ ሞተሩን አስነሡ።

ፌርፋክስ ላይ የሚወራው ግን ሌላ ነው፤ የነሰሎሞን ነገር።

ሰሎሞን ፌርፋክስ ላይ የቅመማ ቅመም ሱቅ ያለው የተዋሕዶ ሰው ነው። ታናሽ ወንድሙ ዳዊት ኢንግልዉድ ይኖራል፤ ከኤርፖርት ሰው የሚያመላልስ ሾፌር ነው፤ ጴንጤ ነው። ሁለቱ በሃይማኖት ተነካክተው ከተኳረፉ ቆይተዋል። እናታቸው እማማ በላይነሽ ሲሞቱ ኩርፊያው ወደ ሬሳው ዞረ። ሰሎሞን «እናቴ በፍትሐት ነው የምትሸኘው» አለ፤ ዳዊት «እማዬ ጌታን ተቀብላለች፣ የኛ ፌሎሺፕ ነው የሚቀብራት» አለ። ሬሳው ኢንግልዉድ አስከሬን ቤት ተቀምጧል፤ አንዱ ሌላውን እንዳያገኝ ብሎ ሁለቱም ሄደው አላዩትም። የሰሎሞን ንስሐ አባትም የዳዊት ፓስተርም «መጀመሪያ ልጆቿ ይስማሙ» ብለው ተቀመጡ። ሰሎሞን ጠበቃ ያነጋግራል ሲባል እትዬ አልማዝ ለጋሼ ቢሾፕ ደወሉ።

እትዬ አልማዝ ሁለቱን ምግብ ቤቱ ውስጥ አገናኙልን፤ ጀርባ ለጀርባ ሊቀመጡ ምንም አልቀራቸውም። ጋሼ ቢሾፕ ጸሎት ያደርጋሉ፣ ጥቅስ ይጠቅሳሉ ብለን ስንጠብቅ «እናታችሁን አይታችኋል?» አሉ። ሁለቱም መሬት መሬት አዩ። «እንግዲያው እንሂድና እንያት። እኔ እነዳለሁ።»

ደነገጥኩ። «ጋሼ፣ መንጃ ፈቃድ የለዎትም እኮ!»

«የመለማመጃ ወረቀት አለኝ። አንተ ጎኔ ትቀመጣለህ። ሕጉ እንደዚያ አይደል?»

ሕጉ እንደዚያ ነው። እምቢ የምልበት አጣሁ። ሰሎሞንና ዳዊት የኮሮላዬ ኋላ መቀመጫ ላይ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው ገቡ፤ የጋሼ ቢሾፕ መቀመጫ ወደ ኋላ ስለተገፋ ዳዊት ጉልበቱን ወደ ወንድሙ ማጋደል ግድ ሆነበት። የኔ እግር እፊቴ ካለው ሁለተኛ ፍሬን አልተነሣም።

ላ ሲየኔጋ ላይ፣ ከመሬት ነዳጅ የሚስቡት ማሽኖች ጎንበስ ቀና የሚሉበት ዳገት ጋ ስንደርስ፣ መኪናው ሁሉ እንደ ጥይት ይሄዳል። እኛ እንሳባለን። የጭነት መኪና ከኋላችን ያጓራል። ጋሼ ቢሾፕ «ይለፍ፣ ቸኩሎ ነው» ይላሉ።

«የት ይለፍ ጋሼ? ፈጣኑ ሌን ላይ ነን!» አለ ሰሎሞን።

«ጋዝ! ጋዙን ይርገጡት!» አለ ዳዊት።

ጋሼ ቢሾፕ ረገጡት። ኮሮላዬ እንደ ደነገጠች ፍየል ዘለለች። የፊተኛው መኪና የፍሬን መብራቱን አበራ።

«ብሬክ!» አሉ ሁለቱ ወንድማማቾች በአንድ ድምፅ። ፍሬኑን የያዝኩት እኔ ነኝ። ቆምን። ዞር ስል የዳዊት እጅ የሰሎሞንን ክንድ ጨብጧል፤ የሰሎሞን እጅ የዳዊትን ጉልበት። ቀድሞ የሳቀው ሰሎሞን ነው። «እማዬ ይቺን ብታይ» አለና መጨረስ አቃተው። ዳዊትም ተከተለው። እስከ ዳገቱ ጫፍ ድረስ «ሌን ይቀይሩ፣ አሁን አይቀይሩ፣ ወይኔ ጋሼ!» እየተባባሉ ሁለቱ ተጋግዘው ነዱልን ማለት ይቻላል።

ኢንግልዉድ መግቢያ ላይ ቀይ መብራት ያዘን። ጋሼ ቢሾፕ በመስታወቱ ወደ ኋላ አዩ።

«እናታችሁ መኪና ትነዳ ነበር?»

«አትነዳም» አለ ሰሎሞን።

«እሁድ እሁድ ታዲያ ማን ያደርሳት ነበር?»

«ጠዋት ቅዳሴ የምወስዳት እኔ ነኝ።»

«ከሰዓት ወደኛ ፌሎሺፕ እኔ ፒክ አደርጋታለሁ» አለ ዳዊት። «ሶ፣ ጠዋት የምትሄደው ለይሉኝታ ነው፤ ልቧ እኛ ጋ ነበር።»

«ይሉኝታ የያዛትስ ካንተ ነው!» ሰሎሞን ድምፁን ከፍ አደረገ።

«እኔ የማውቀው የለም» አሉ ጋሼ ቢሾፕ ቀስ ብለው። «ግን አንድ ነገር አስብ ነበር። መኪና የሌላት እናት፣ እርስ በርስ የማይነጋገሩ ሁለት ልጆች ቢኖሯት፣ ሁለቱንም በሳምንት አንዴ ለማየት እሁዷን እንዴት ታደርገዋለች?»

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ከኋላችን ጡሩንባ ይነፋል። በዚያች መኪና ውስጥ «ይሂዱ» ያላቸው ሰው አልነበረም፤ እኔም ጭምር። ጋሼ ቢሾፕ በራሳቸው ጊዜ ሄዱ።

ወንድማማቾቹ አስከሬን ቤቱ ውስጥ አብረው ገቡ። እኛ ውጭ ጠበቅን። የጋሼ ቢሾፕ ሐምራዊ ሸሚዝ ጀርባቸው ላይ በላብ ተጣብቋል።

«ፈርተው ነበር እንዴ?» አልኳቸው።

«ለምን አልፈራ? ያ የጭነት መኪና!»

«ለምን እንደ ጳጳስ አልሰበኳቸውም?»

«ብሰብካቸው አንዱ አሜን ይላል፣ አንዱ ስልኩን ያያል። ሲፈራ ግን ሰው ሁሉ ሃይማኖቱ አንድ ነው።»

እማማ በላይነሽ በፍትሐት ተቀበሩ፤ ከቀብር መልስ የዳዊት ፌሎሺፕ ሐዘን ቤቱ ድረስ መጥቶ ዘመረ። ሁለቱ ልጆች ጎን ለጎን ቆመው እግዜር ያጽናችሁ ሲባሉ ዋሉ። ጋሼ ቢሾፕ በዚያ ሁሉ መሃል ቃል አልተናገሩም፤ ሐሩር ስለነበረ ውሃ ሲያድሉ ዋሉ። ፍቅራቸው እንደ ገና ተወለደ ብዬ አላጋንንም፤ ጨዋታው ወደ ሃይማኖት ሲያመራ የሰሎሞንና የዳዊት ድምፅ እስከ ዛሬ ይጨምራል። ዳዊት ግን ከኤርፖርት ሲወጣ የወንድሙን ሱቅ ሳይረግጥ ቤቱ አይገባም።

ከዚያ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ጋሼ ቢሾፕ ፈተናውን አለፉ። ፈታኟ ምን አለችዎ ብላቸው «አልፈሃል፣ ነገር ግን ሌሎቹን ሾፌሮች እጅ መንሣት ተው አለችኝ» ብለው ሳቁ። እትዬ አልማዝ ያን ቀን በነጻ ክትፎ ጋበዙን፤ ማክሰኞ ነበር።

የጋሼ ቢሾፕ የቀብር ዕለት ፌርፋክስ ወደ ኢንግልዉድ ተነቅሎ ወረደ። ነጠላ የለበሰው፣ መጽሐፍ ቅዱስ በብብቱ የያዘው፣ ምኑንም ያልያዘው፣ ሁሉም በዚያች ትንሽ የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መቼ እንደሚቆምና መቼ እንደሚቀመጥ እየተሳሳተ አብሮ ቆመ፣ አብሮ ተቀመጠ። ከዚያ አሪየት ቤት ሄድን። ኤርፖርቱ ቅርብ ስለሆነ አውሮፕላኖቹ ጣሪያውን ሊነኩ ምንም ሳይቀራቸው ያልፋሉ፤ ባለፉ ቁጥር ወሬያችንን እናቆማለን።

አሪየት አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። «ጋሼ ታደሰ፣ አመሰግናለሁ» አለችኝ።

«ለምኑ ነው ልጄ?»

«መንዳት ስላስተማርከው።» መሐረቧን እጇ ላይ ጠቀለለች። «ልጅ ሆኜ አዲስ አበባ አዳሪ ትምህርት ቤት ነበርኩ። አባዬ በዓመት አንዴ ይመጣል፤ ሲመጣም ሰው ከቦት ነው። የሁሉም አባት ነበር። እኔ ደግሞ ገና ሳልጠግበው እተኛለሁ፤ ስነቃ ሄዷል። ትዝ የሚለኝ ይሄ ነው።»

አውሮፕላን አለፈ። ጠበቅናት።

«እዚህ የምሠራው የሌሊት ሺፍት ነው። ፈቃዱን ካገኘ በኋላ በየቀኑ ጠዋት ሆስፒታል በር ላይ ይጠብቀኛል። ገና መኪናው ውስጥ እንደገባሁ እንቅልፍ ይወስደኛል። ቤት ስንደርስ አይቀሰቅሰኝም። ደጃፍ ላይ ያቆማል፣ ኮቱን ያለብሰኛል፣ ቁጭ ይላል። ስነቃ ፀሐይዋ ከፍ ብላለች፤ እሱ እንደዚያው መሪውን ይዞ ያየኛል። ምነው አባዬ አልቀሰቀስከኝም ስለው ምን ይለኛል መሰለህ? ‹ሞተሩ እስኪበርድ ነው።›»

ሳቀችና ፊቷን በመሐረቧ ሸፈነች። «ሁለት ሰዓት ሙሉ፣ ጋሼ። በየቀኑ።»